የሜሪታህቲ የናስ እጀታ

የእድሳቱ ኃላፊ ቢርገር ሊንድሮስ የሞተው በገዛ ሥራው መሃል ነው። ሬሳው የተገኘው ለእድሳት ቱርኩ በተባለ ወደብ በቆመችው «ሜሪታህቲ» በተባለች የመንገደኞች መርከብ ላይ፣ ወለሉ ገና ሙጫ በተቀባ ጠባብ መኝታ ክፍል ውስጥ ነበር። በሩ ሥር በጎኑ ወድቋል። አፉ ከውኃ እንደወጣ ዓሣ ተከፍቷል፤ የቀኝ እጁ ጥፍሮች ተሰባብረዋል፣ ቀለበቱንም ነጭ ቀለም ነክቶታል።

«የሙጫው ትነት ነው የገደለው» አለ ሐኪሙ። «መስኮቱ በጣውላ ታሽጓል፣ አየር ማስገቢያው ተነቅሏል። እዚህ በር ዘግቶ የቆየ ሰው አይተርፍም።»

ኢንስፔክተር ሄልሚ ቫይኒካ አፍና አፍንጫዋን በሻርፕ ሸፍና የበሩን ውስጠኛ ገጽ ትመረምር ነበር። በቅርቡ የተቀባው ነጭ ቀለም በጭረት ተዥጎርጉሯል። መሃሉ ላይ አንድ አሮጌ የናስ እጀታ አለ። ጫን ስትለው በሩ ያለ አንዳች ችግር ተከፈተ።

«የሚከፈት በር ይዞ ሰው ለምን ይቧጭራል?» አለች።

«ትነቱ ናላውን አዙሮት ይሆናላ!»

«ይሆናል።»

የብሎኖቹን አናት በጣቷ ዳሰሰች። ናሱ ተልጧል። አንድ ሰው በማይሆን መሣሪያ ታግሎ አጥብቋቸዋል። እጀታውን ፈትታ ሥሩን ስታይ ቅንድቧ ከፍ አለ።

በዚያ ጠዋት ሠራተኞቹ በሙሉ ላይኛው ፎቅ ላይ የመዋኛውን ንጣፍ ያፈርሱ ነበር። መርከቧ በመዶሻ ድምፅ ስትናወጥ የሟቹን ጩኸት የሰማ የለም። እሱ በነበረበት ፎቅ ላይ የነበሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው።

መጀመሪያ የእድሳቱን ፎርማን ታፓኒ ኩኦስማን ጠራችው። ግዙፍ ሰው ነው፤ ቆቡን በእጁ ይጨመድዳል።

«ትወደው ነበር?»

«ሊንድሮስን? እናቱም የምትወደው አይመስለኝ። ትናንት በእንግዶች ፊት ‹ታፓኒና ጣውላ አንድ ናቸው፤ ልዩነቱ ጣውላው አይሰክርም› አለ። ሁሉም ሳቁ። መጠጥ ከተውኩ ስንት ዘመኔ!»

«ያንን እጀታ አንተ ገጠምከው?»

ታፓኒ ፊቱ ዐመድ መሰለ። «እውነቱን ልንገርዎት። ለቀለሙ ብለን የውስጡን እጀታዎች በሙሉ አውልቀናል። አዲሶቹ ካርቶናቸው አልተከፈተም። በሮቹ እንዳይዘጉ በሽብልቅ ነበር የምንደግፋቸው። ሞተ ሲሉኝ ‹አለቀልኝ፣ በኔ ቸልተኝነት ነው› ብዬ ሮጥኩ። ስደርስ እጀታ አለ! ከየት መጣ አላልኩም። ተመስገን ብዬ ዝም አልኩ።»

ሁለተኛው ካፒቴን ሮልፍ ኤክሎቭ ነው። የኮቱ አዝራሮች ያበራሉ፤ ጢሙ በጥንቃቄ ተከርክሟል።

«ሊንድሮስ ለድርጅቱ መክሮ አስነሣኝ» አለ ካፒቴኑ። «ከእድሳቱ በኋላ ወጣት ካፒቴን ይመጣል። ‹አሮጌ ምንጣፍና አሮጌ ካፒቴን አብረው ይወጣሉ› አለኝ።»

«በሞቱ አዝነዋል?»

«ቁርሴን አጣጥሜ በላሁ።»

«አሮጌዎቹ እጀታዎች የት ገቡ?»

«ትናንት ከቁርጥራጩ ብረት ጋር በመኪና ተጭነው ሄዱ። አንድ ብቻ ነው የቀረው። እሱንም ሊንድሮስ ለወይዘሮ ሌምፒ ማስታወሻ ብሎ ሰጣቸው። ‹ባልዎ ከእጅዎ አምልጠዋል፤ እጀታው እንኳ አያምልጥዎ› አለና ሣቀ።»

«እርስዎስ?»

«እኔም ፈገግ ሳልል አልቀረሁም።»

ወይዘሮ ሌምፒ ራውቲዮ በላስቲክ በተጠቀለለ ወንበር ላይ ተቀምጠው ፖም ይልጣሉ። ድርጅቱ የቆዩ ደንበኞቹን ጋብዞ እድሳቱን ሲያስጎበኝ ከሩቅ የመጡት እሳቸው ብቻ ስለነበሩ መርከቧ ላይ አደሩ። ድምፃቸው ተዘግቷል።

«ጉንፋን ይዞዎት ነው እማማ?»

«ሽታው ነው ልጄ።»

«ሊንድሮስ ምን ምን አስጎበኘዎት?»

«ምን እንደሚጠብቀን ነገረን። መዶሻ ትሰማላችሁ፤ መዋኛው ይዘጋል፤ ምግብ ቤቱ በፈረቃ ይሆናል። ስታልቅ ግን አልጋው እንደ ደመና ነው አለን። እሱ የሞተባት ክፍል የኛ ነበረች፤ የኔና የባለቤቴ የኦይቫ። ግድግዳዋን አፍርሰው ከጎኗ ክፍል ጋር ሊያዋህዷት ነው። ኦይቫ ባለፈው ጸደይ እዚያች ክፍል ውስጥ አረፈ።»

«ነፍስ ይማር።»

ሄልሚ ከፖሙ ልጣጭ ወደ ትንሿ ቢላ ተመለከተች። ጫፏ ተጣሟል።

ከቀትር በፊት ሦስቱንም ምግብ አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ማንም ከማን አጠገብ አልተቀመጠም።

«ሊንድሮስ በሩን የቧጨረው በጥፍሩና በቀለበቱ ነው» አለች ሄልሚ። «ጭረቱ ግን እጀታው ጋ ሲደርስ አይቆምም፤ ከሥሩ ያልፋል። እጀታ በተገጠመበት ቦታ ሥር መቧጨር የሚችል ጣት የለም። ስለዚህ ሰውዬው ሲታገል በሩ ላይ እጀታ አልነበረም። አንድ ሰው ሽብልቁን አነሣ፤ በሩ ተዘጋ። ያ ሰው ሟቹ ጸጥ እስኪል ጠበቀ። ከዚያ ትንፋሹን ይዞ ገባና እጀታውን ገጠመ።»

«ኧረ እኔ አይደለሁም!» ታፓኒ ብድግ አለ።

«ተቀመጥ። አንተ ብትሆን ከካርቶኑ አዲስ እጀታ አውጥተህ በኤሌክትሪክ መፍቻ በዓይን ቅጽበት ትገጥመው ነበር። ይህ አሮጌ ነው፤ ብሎኖቹም በቢላ ጫፍ ነው የጠበቁት።»

«ቢላ እኔም አለኝ» አለ ካፒቴኑ በንቀት።

«አለዎት። ግን እጀታ በሌለው በር ተዘግቶበት የሞተ ሰው አደጋ ደረሰበት ነው የሚባለው፤ የሚታሰረውም ታፓኒ ነው። እርስዎ ገዳይ ቢሆኑ ኖሮ ለታፓኒ ብለው ይደክሙ ነበር?»

ካፒቴኑ ዞሮ ታፓኒን አየው።

«ለዚህ ሰው ያዘነ ልብ ነው እጀታውን የገጠመው» አለች ሄልሚ። «እማማ፣ ትናንት የተሰጠዎትን ማስታወሻ ያሳዩኝ።»

አሮጊቷ ቦርሳቸውን አልከፈቱም። ወደ ታፓኒ ዞረው በተዘጋው ድምፃቸው «የልጆችህን ፎቶ አሳይተኸኝ ነበር» አሉት። «አባታቸውን ላሳስርባቸው አልቻልኩም።»

ታፓኒ ቆቡን ዓይኑ ላይ ጫነ።

«ባለፈው ጸደይ ሰው እንደ ጫነች ነበር የሚያድሷት» ሲሉ ቀጠሉ። «ከጎናችን ያለውን ክፍል ወለል በዚሁ ሙጫ ለጠፉት። የኦይቫ ሳንባ ደካማ ነበር፤ ከንፈሩ ጠቆረ። ሌላ ክፍል ስጡን ብዬ ሊንድሮስን ለመንኩት። ‹እመቤቴ፣ እድሳት ላይ ትንሽ ሽታ የሚጠበቅ ነው› አለኝ። ዛሬ ከውስጥ ሲጮህ እኔም ያንኑ አልኩት። ከዚያ ግንባሬን በሩ ላይ አስደግፌ ሰማሁት። መጀመሪያ ሰደበኝ፣ ቀጥሎ ለመነኝ፣ በመጨረሻ እናቱን ጠራ። አልቸኮልኩም።»

ሄልሚ ግን ያልገባት ነገር ነበር።

«ያኔ አየር ማስገቢያው ይሠራ አልነበረም?»

«ያ አረመኔ አዘግቶት ነበር።»

«በጉዞ ላይ ያለች መርከብ አየር ማስገቢያ ያለ ካፒቴኑ ትእዛዝ አይዘጋም።» ሄልሚ ዞረች። «አይደለም እንዴ፣ ካፒቴን?»

ኤክሎቭ የኮቱን አዝራር ነካካ። «ሽታው ወደዚህ አዳራሽ እየገባ እንግዶች እራት ላይ አጉረመረሙ። አንድ መስመር ነው ያዘጋሁት። ሊንድሮስ ክፍት ይሁን ብሎ ተከራክሮኝ ነበር። ሰው ይሞታል ብዬ አላሰብኩም።»

ወይዘሮ ሌምፒ የገባቸው ቀስ ብሎ ነው። ፊታቸው ላይ የነበረው እርጋታ ከአገጫቸው ጀምሮ ፈረሰ።

«በቀብሩ ዕለት ክንዴን ደግፈውኝ ነበር እኮ» አሉ።

ከዚያ አሮጊቷ ወደ ሄልሚ ዞሩ።

«ኢንስፔክተር፣ ሕጉ ለካፒቴኑ ምን አለው?»

ሄልሚ ልትዋሽላቸው ፈለገች። አልቻለችም። «ምንም፣ እማማ።»

አሮጊቷ ተነሡ። ታፓኒ ሮጦ ደገፋቸው። ሁለቱ ተደጋግፈው ወደ መውጫው ሲያዘግሙ ሄልሚ ከኋላ ተከተለቻቸው። ካፒቴን ኤክሎቭ ቀድሟቸው ሄደ፤ እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ በሩን ከፈተና እስኪያልፉ ድረስ ያዘላቸው።