ሹራብሽን ሸልሚኝ

በቤቴ የእንግዳ ክፍል በር ሲቆለፍ ስሰማ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያን ማክሰኞ ጠዋት የመጀመሪያዬ ነበር። ቁልፉ ሁለት ጊዜ ዞረ። እኔ ኩሽና ሆኜ የበቆሎ ቂጣ እያገላበጥኩ ነበር፤ እጄ ባለበት ቀረ። ልጅቷ ደብተሯን አቅፋ፣ ቁልፉን ኪሷ ከትታ፣ «ደህና ዋሉ» ብላኝ ወደ ትምህርት ቤቷ ወጣች። ምን ቢኖራት ነው የምትቆልፈው? ደግሞስ ከማን ነው የምትደብቀው? እዚህ ቤት የምንገባው የምንወጣው እኔና ልብስ አጣቢዬ ብቻ ነን። ይህን ሳስብ ቂጣው አረረ።

ዶኛ ኤልቪያ እባላለሁ፤ «ዶኛ» በእኛ ዘንድ እንደ «ወይዘሮ» ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ እዚህ አንቲጓ ከተማ ስፓኒሽ ሊማሩ ባሕር ተሻግረው የሚመጡ ልጆችን ቤቴ ተቀብዬ አኖራለሁ። ጠዋት ጠዋት አስተማሪያቸው ፊት ተቀምጠው ግሥ ሲያረቡ ያረፍዳሉ፤ ከሰዓት በኋላ ያረቡትን እኔ ላይ ይለማመዱብኛል። በስፓኒሽ ሁለቱን የሚለያቸው አንድ ፊደል ነውና፣ «ደክሞኛል» ለማለት ፈልጎ «አግብቻለሁ» ያለኝ ስንቱ ነው! ቦሎቄውን እያቀረብኩ አርማቸዋለሁ፤ ሲያማቸውም አስታምማቸዋለሁ።

ታዲያ ሁሉንም በመጡበት ዕለት አስቀምጬ የምነግራቸው አንድ ነገር አለ። በእኛ ከተማ «ስጠኝ» ማለት ትንሽ ይሻክራል፤ ሰው «ሸልመኝ» ነው የሚለው። ሱቅ ገብቶ «ስድስት እንቁላል ይሸልሙኝ» ይላል፤ ከፍሎ ይወጣል። የባንክ ሠራተኛዋም «ፊርማዎን ይሸልሙኝ» ትላለች። ማንም ማንንም አልሸለመም፤ የትሕትና አነጋገር ነው። ልጆቹ ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ። በሩን ለቆለፈችው ልጅ፣ ለኪርሲ ግን አልነገርኳትም። የመጣች ዕለት ጉልበቴን አሞኝ ነበር፤ ደግሞም ዝምታዋን ኩራት አድርጌ ቆጠርኩባትና ተውኳት።

ኪርሲ ከፊንላንድ የመጣች ነርስ ናት። ስፓኒሽ ተምራ ስትጨርስ ተራራው ላይ ባለ ክሊኒክ በነፃ ልታገለግል ነበር ሐሳቧ። ከላይዋ የማይወርድ ግራጫ የሱፍ ሹራብ ነበራት፤ ደረቱ ላይ ነጭ ጥለት አለው። የሟች እናቷ የእጅ ሥራ መሆኑን የነገረችኝ በኋላ ነው። ያኔ እኔም አልጠየቅኳትም።

ልብስ አጣቢዬ ደግሞ ሲፕሪያና ትባላለች። በማለዳው አውቶቡስ ከሸማኔዎቹ መንደር፣ ከሳን አንቶኒዮ ትመጣለች። ዕድሜዋ ሃምሳን አልፏል። ሰኞ፣ ዓርብና ቅዳሜ ለእኔ ታጥባለች፤ በቀሩት ቀናት ለጎረቤቴ ለዶኛ ኦፌሊያና መንገዱ ጥግ ላይ ላሉት ቤተሰቦች። ሦስታችንም ተማሪ እንቀበላለን፤ ሦስታችንም የሰው ሻንጣ በሞላበት ቤት ብቻዋን እንተዋታለን። እንጀራዋ የቆመው በዚህ እምነት ላይ ነው። አንደኛችን ካወራንባት ሦስቱም በር ይዘጋባታል።

ወደ ቁልፉ ልመለስ። ያ ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ረቡዕም ተቆለፈ፤ ሐሙስም። ልጅቷ እራት ላይ ቀና ብላ አታየኝም። ይቺ ልጅ የሆነ ነገር ደብቃለች አልኩ። ሐሙስ ረፋድ ላይ ኩሽና በር ጀርባ ሚስማር ላይ የሚንጠለጠለውን ተለዋጭ ቁልፍ አነሳሁና ገባሁ። አዎ፣ ገባሁ። የገዛ ቤቴ ነው እያልኩ ራሴን አሳመንኩ።

ወለሉ ላይ የጉንዳን መስመር አገኘሁ። ብከተለው አልጋው ሥር የተቋጠረ ጥቁር ፌስታል ላይ አደረሰኝ። ደሜ ፈላ። እኔ በቀን ሦስቴ እያበላኋት ምግብ ደብቃ ታስቀምጣለች፤ ይኸው ተበላሽቶ ጉንዳን ጠራብኝ! ፌስታሉን ሳልፈታ፣ አፍንጫዬን ይዤ፣ ጓሮ ከቆሻሻው ጋር አኖርኩት። የቆሻሻ መኪናው ቅዳሜ ነው የሚመጣው። ከጠየቀችኝ ልክ ልኳን እነግራታለሁ ብዬ ጠበቅኋት።

ዓርብ ማታ እራት ስናነሳ ኪርሲ ኩሽና መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ዶኛ ኤልቪያ፣ ሹራቤ የለም።»

«እንዴት የለም? በደንብ ፈልገሻል?»

«ክፍሉ ተቆልፏል። ሹራቡ ውስጥ ነበር። አሁን የለም።»

«ትምህርት ቤት ረስተሽው ይሆናላ!»

«አልረሳሁም።» ቃላት እየመረጠች እንደሆነ ያስታውቃል። «ሲፕሪያና ሰኞ ዕለት ጠየቀችኝ። ሹራብሽን ስጪኝ አለች። እምቢ አልኩ። በሩን የቆለፍኩት ለዚህ ነው።»

«ስጪኝ? እንዲያ አለችሽ?»

«ሁለት ጊዜ።»

ይገርማችኋል፣ የመጀመሪያው ስሜቴ እፎይታ ነበር። የምትፈራው እኔን አልነበረም ማለት ነው። ሁለተኛው ግን ተለዋጩ ቁልፍ ነው። የተሰቀለበትን የምናውቀው እኔና ሲፕሪያና ነን። ሐሙስ ዕለት እኔው በዚያ ቁልፍ መግባቴን ብነግራት ኖሮ ነገሩ እዚያው ይፈታ ነበር። አፈርኩና ዋጥኩት። የዋጥኩት ነገር ሌላ ሰው ጫንቃ ላይ ወጣ።

በማግስቱ ሲፕሪያና እንደ ልማዷ መጣች። ሽርጧን አሥራ ገንዳው ጋ ቆማ ሳሙና ስታነሳ ደረስኩባት።

«ሲፕሪያና፣ የልጅቷን ሹራብ ጠይቀሻት ነበር እንዴ?»

«አዎ ዶኛ፣ ጠይቄያት ነበር፤ እምቢ አለችኝ እንጂ!» አለችና ሳቀች። «ያ ሹራብማ...»

«በቃ፣ በቃ፤ ስለ ሹራብ አናውራ።»

ሳቋ ልቤን አቆሰለው። ዐይኗን በጨው አጥባለች አልኩ። እንግዲህ በእኛ ከተማ ሰውን ፊት ለፊት «ሰርቀሻል» ማለት አይታሰብም። ጨዋ ሰዎች ነን። እኛ የምንለው ሌላ ነው።

«ስሚኝማ፣ ለጊዜው ብዙም ሥራ የለኝም። ስፈልግሽ እደውልልሻለሁ።»

ሳሙናውን እንደያዘች አየችኝ። «ልጅቷ ግን እዚሁ ናት እኮ።»

«እደውልልሻለሁ አልኩሽ።»

ገንዳው ላይ የነበረው ውኃ ፈስሶ እስኪያልቅ ጠበቀች። ከዚያ ሽርጧን ፈታ በአራት አጠፈችው። «ዶኛ፣ አሥራ አንድ ዓመት ነው። ያጠፋሁት ካለ ይንገሩኝ።»

«ኧረ ምንም የለም የኔ እናት! እግዚአብሔር ይባርክሽ» አልኳት፣ እጇን ጨብጬ። በደንብ ጨበጥኳት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ዶኛ ኦፌሊያን አገኘኋት። እኔ እኮ ሌባ ናት አላልኩም። «የተማሪዎችሽን ዕቃ ጠበቅ አድርገሽ ያዢ፤ እኔስ ሲፕሪያናን ተውኳት» ብቻ ነው ያልኩት። ዶኛ ኦፌሊያ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሰኞ ማታ ጥግ ላይ ያሉት ቤተሰቦችም ሰምተው ነበር። ሁለቱም ቤት ለሲፕሪያና «እንደውልልሻለን» አሏት።

ማክሰኞ ደግሞ የማጥበው እኔ ሆንኩ፤ ሌላ ማን አለ? አንሶላውን አሽቼ፣ በዚያ ጉልበቴ የጣሪያውን ደረጃ አንድ በአንድ እያነከስኩ ወጣሁ። ልብስ የሚሰጣው እዚያ ነው፤ እኔ ከወጣሁ ሦስት ዓመት ይሆነኛል። ገመዱን አልፌ፣ ዝናብ እንዳይደርስበት ከቆርቆሮው ጥላ ሥር፣ ነጭ ፎጣ ላይ ተዘርግቶ አየሁት። ግራጫው ሹራብ ነው። እጅጌዎቹ ተስተካክለው ግራና ቀኝ ተዘርግተዋል፤ ነፋስ እንዳያነሳው ፎጣው ጥግ ጥግ ላይ ድንጋይ ተቀምጧል። አፍንጫዬን አስጠጋሁት፤ የሲፕሪያና ሳሙና ይሸታል።

አንሶላው ላይ ተቀመጥኩ።

ኪርሲ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሹራቡን ሰጠኋት። ፊቷን ቀብራ አለቀሰች። ከዚያ ደረቱን ደጋግማ አገላብጣ አየችው።

«ቸኮሌት አፍስሼበት ነበር። እዚህ ጋ። አሁን የለም።»

«የት ነበር ያስቀመጥሽው?»

«ጥቁር ፌስታል። አልጋ ሥር። እንዳትወስደው።»

ጉንዳኖቹ ትዝ አሉኝ። ቁልፉን፣ ሐሙስን፣ ቆሻሻውን አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ከዚያ ቀድሞ መጠየቅ የነበረብኝን ጥያቄ ጠየቅኳት።

«ሲፕሪያና ‹ስጪኝ› ያለችሽ በምን ቃል ነው? ልክ እሷ እንዳለችው ንገሪኝ።»

ኪርሲ ደብተሯን አወጣች። ጽፋው ኖሯል። «‹ንግሥቴ፣ ሹራብሽን ሸልሚኝ።› ቃሉን መዝገበ ቃላት ላይ አየሁት። በስጦታ መስጠት ይላል። ለእርስዎ ስነግር ቀላሉን ቃል መረጥኩ።»

ሸልሚኝ! ለስንት ተማሪ እያሳቅሁ የነገርኩት ቃል! ስለ እንቁላሉ፣ ስለ ፊርማው ነገርኳት። ኪርሲ ነጩን ጥለት እየዳሰሰች ሰማችኝና፣ ጨርሼ ሳልናገር ራሷ ደረሰችበት።

«ልታጥበው?» አለች። «ልታጥበው ነው ያለችኝ?»

በማግስቱ አብረን ሳን አንቶኒዮ ሄድን። ሲፕሪያና ግቢዋ ውስጥ የድሩን አንድ ጫፍ ዛፍ ላይ፣ ሌላውን ወገቧ ላይ አስራ ትሸምን ነበር። ልጅቷ ሹራቡን ለብሳ ነበር። ሲፕሪያና መጀመሪያ ያየችው እሱን ነው።

«ደረቀ እንዴ? ጀርባውን ሳላገላብጠው ነው የሄድኩት።»

«ከየት አገኘሽው?» አልኳት።

«ከቆሻሻው ውስጥ ነዋ። እርስዎ ማንኪያ ከልጣጭ ጋር የሚጥሉ ሰው ስለሆኑ ሁልጊዜ እፈትሻለሁ። አየሁትና ልጅቷ ቆሸሸብኝ ብላ የጣለችው መሰለኝ። የእጅ ሥራ መሆኑን ዓይኔ ያውቃል፤ አንጀቴ አልቻለም። በቀዝቃዛ ውኃ አጠብኩት። ቅዳሜ ልነግርዎት ስጀምር አይደል ‹አናውራ› ያሉኝ?»

የጥርጣሬዬን ታሪክ በሙሉ ነገርኳት፤ ኪርሲም በተሰባበረ ስፓኒሿ የራሷን ጨመረች። ሲፕሪያና ሥራዋን ሳታቋርጥ ሰማችን። በመጨረሻ፣ አነጋገሬን ላሳምር ብዬ፣ «ሲፕሪያና፣ ይቅርታሽን ሸልሚኝ» አልኳት።

እጇ ቆመ።

«ዶኛ፣ በእኛ አገር ሸልሙኝ ያለ ሰው ከፍሎ ነው የሚወስደው።»

«ምን ልክፈል?»

«ለዶኛ ኦፌሊያ የነገሯትን፣ እዚያው በነገሯት ቦታ መልሰው ይንገሯት። በጆሮ ሳይሆን ጮክ ብለው። ስለ ፌስታሉም፣ ስለ ቁልፉም። እኔም እመጣለሁ።»

እሑድ መጣች፤ የበዓል ልብሷን ለብሳለች። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ፣ ሰው እየወጣ ሳለ፣ ዶኛ ኦፌሊያን አቆምኳትና አንድ በአንድ ተናገርኩ። የሰው ክፍል በተለዋጭ ቁልፍ ተደብቄ የገባሁት፣ የሰው ንብረት ቆሻሻ ነው ብዬ የጣልኩት እኔ ነኝ አልኩ። የማውቃቸው ሴቶች ቆመው ሰሙኝ። ዶኛ ኦፌሊያ ቀላች፤ «እኔ ምንም አላሰብኩም እኮ!» እያለች ለሰኞ ሲፕሪያናን እዚያው ቀጠረቻት። ጥግ ላይ ያሉትም ጠሯት።

እንግዳ የምትቀበሉ፣ ሠራተኛ የምታሠሩ ሁሉ፣ ጨዋነት እያላችሁ ፍርሃታችሁን አትሸፍኑ። የጠረጠራችሁትን ሰው ምን እንደጠረጠራችሁበት ንገሩት፤ የሚመልሰውን እስኪጨርስ ስሙት። እኔ አንዲት ዓረፍተ ነገር አስጨርሻት ቢሆን ሹራቡ ከራሳችን በላይ ጣሪያ ላይ ነበር። ከባዕድ አገር ለሚመጣ ልጅም ቃሉን ብቻ ሳይሆን አገሩ ቃሉን እንዴት እንደሚጠቀምበት ንገሩት። ይህን የምላችሁ የተማርኩትን ነው፤ የተማርኩትም በሌላ ሰው ኪሳራ ነው።

ሰዉ ሲበተን ሲፕሪያና ወደ እኔ መጣች። «ሸልሜዎታለሁ» አለችኝ። ከልቧ እንደሆነ ዓይኗ ላይ አየሁት። ደስታዬ ወሰን አጣ።

«እንግዲያው ዓርብ ትመጫለሽ?» አልኳት። «ሽርጥሽ እንዳጠፍሽው ተቀምጧል።»

እጄን በሁለት እጇ ያዘች። በደንብ ጨበጠችኝ፤ ፈገግታዋም የሚያምር፣ የጨዋ ሰው ፈገግታ ነበር።

«እግዚአብሔር ይባርክዎት ዶኛ» አለችኝ። «እደውልልዎታለሁ።»