ከብልቃጡ ላይ የተፋቀ ቃል

ጃጉንግ የፊት እግሮቹን እንደዘረጋ ጋጣው ውስጥ ሞቶ ተገኘ። በኢንዶኔዥያዋ ዮግያካርታ ጎዳናዎች የፓርጂማንን ጋሪ ሲጎትት ያረጀ ፈረስ ነበር። ፓርጂማን የእንስሳት ሐኪሟን ዶክተር ዊዳሪን አስጠራ። ልጁ ኪናንቲ ግን ሐኪሟን አልጠበቀችም፤ ቀለበቷን አውልቃ እጮኛዋ ባስኮሮ ፊት ጣለችው።

«ትናንት በፌስታል ያመጣኸውን ስኳር አብልተህ ገደልከው! እንደማይስማማው ነግሬህ ነበር!»

«ሣር ነው ያመጣሁት አልኩሽ እኮ» አለ ባስኮሮ።

«ሣር በፌስታል? ከሱፐርማርኬት ገዝተኸው ነው?»

እናቷ ላስትሪ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሰርጉ ሊፈርስ መሆኑን እያየች አንገቷን ደፋች።

ዊዳሪ የፈረሱን ጎን ዳበሰች። በዚያ ሙቀት እንደ በግ ጠጉር ለብሷል።

«ባለፈው ሳየው ጠጉሩ ረግፎ አልነበር?»

«ያዘዙለትን መድኃኒት እንደጀመረ ረግፎ ነበር። አሁን መልሶ በቀለ» አለ ፓርጂማን።

«ማን ነው የሚሰጠው?»

«እኔ» አለች ላስትሪ። «አንድም ቀን አላስታጎልኩም፤ አላህ ያውቃል!»

«አምንዎታለሁ፣ እትዬ ላስትሪ። ብልቃጡስ?»

ፓርጂማን ከቆርቆሮው ጣሪያ ስር፣ ከማገሩ ላይ አወረደው። ሐኪሟ ወደ ብርሃን አነሳችው፤ ነጭ የነበረው ፈሳሽ ቡኒ ሆኗል። መለያው ላይ የዓሣ ቅርፊት ደርቋል፤ አንዲት ቃል በጥፍር ተፍቃለች።

ሁሉም በረንዳው ላይ ተሰበሰቡ። የባስኮሮ እናት ወይዘሮ ሱንዳሪም ነገሩን ሰምታ መጥታለች።

«አንጎል ስር አንዲት እጢ አለች» አለች ዊዳሪ። «መሃለኛ ክፍሏን አንጎል ዶፓሚን በሚባል ነገር ልጓም አስገብቶ ይይዛታል። ፈረስ ሲያረጅ ልጓሙ ይላላል፤ ክፍሏ ታብጥና ሆርሞን ትለቃለች። ጠጉር አይረግፍም፣ ኮቴ ውስጡ ይቆስላል፤ እያደርም ፈረሱን ይገድለዋል። መድኃኒቱ ልጓሙን ይተካል። ጠጉሩ ተመልሶ ከበቀለ ልጓሙ የተፈታው ከብዙ ጊዜ በፊት ነው። የትናንት ስኳር ይህን አያደርግም። ባስኮሮ ነፃ ነው።»

«ታዲያ ማን ነው?» አለች ኪናንቲ።

«ቅርፊቱ ብልቃጡ ፍሪጅ ውስጥ፣ ከዓሣው ጎን እንደነበረ ይናገራል። ሙቀት ደግሞ ይህን መድኃኒት ያበላሸዋል። መግደል የፈለገ ሰው ይደፋዋል እንጂ በየቀኑ አያጠጣም። ያወጣው ሰው የፈራው አንዲት ቃል ነው። እኔ የጻፍኩት መለያ ‹የአንጎል መድኃኒት› ይል ነበር። ሙሽራ ልትጠየቅ ስትል ያንን ቃል የሚፈራ...»

«እኔ ነኝ» አለች ላስትሪ። አንገቷ ድረስ ቀላች። «ሽማግሌ ሊመጣ ሲል ቃሉን ፍቄ ደበቅሁት። እንግዳ ለበረዶ ፍሪጁን ይከፍታል። ‹ዘራቸው የአንጎል በሽታ አለበት› ትላላችሁ ብዬ... ከዚያም አልመለስኩትም። ቀለሙ ሲለወጥም አይቻለሁ። ዛሬም ልጁ ሲሰደብ ዝም አልኩ።»

ሱንዳሪ ራሷን ነቀነቀች። «ውይ እትዬ! ኪናንቲ እኮ የፈረሱን በሽታ ገና ድሮ ነግራናለች። ልጄ ‹ስኳር አይስማማውም› እያለ ሣሩን ራሱ ሲያጭድ ነው የከረመው።»

ኪናንቲ ወደ ጋጣው ተመልሳ ቀለበቷን ከመሬት አነሳች፤ ለማጥለቅ ግን አልደፈረችም። ባስኮሮም አልጠየቃትም። የጃጉንግን መቃብር ሊቆፍር አካፋ ይዞ ወደ ጓሮ ወጣ።

ላስትሪ ተከተለችው። ይቅርታ ልትል መጥታ ጉድጓዱ አጠገብ ቆመች። እሱ ሳያያት ትንሽ ቆፈረ። ከዚያ አጠገቡ የተጋደመውን ሌላ አካፋ በእግሩ ወደ እሷ ገፋ አደረገ።

«ከዚያኛው ጫፍ ይጀምሩ፣ እማማ» አለ። «ትልቅ ፈረስ ነው።»