እህል የማይረግጥ እግር

ኪዳኑን ከማሽላ ጉድጓድ በገመድ ጎትተው ሲያወጡት፣ ሬሳው ገና መሬት ሳይነካ «ሌባ!» አሉት። ሰው እንደሆነ ሬሳ ላይ ለመጮኽ ጀግና ነው።

ዘመኑ 1994 ዓ.ም. ነበር። የማሽላ ዋጋ ወድቆ ገበሬው ሲያለቅስ፣ መንግሥት የዓመቱን ምርት ድጎማ ጨምሮ በገበሬዎች ማኅበር በኩል ይገዛ ጀመር። ለገበሬ የታሰበ ነገር ደግሞ መቼ ቀጥ ብሎ ገበሬው ደጅ ደርሶ ያውቃል! ኪዳኑ የማኅበሩ መዛኝ ነበር፤ የሞተበት ጉድጓድ የነጋዴው የገብረ አማኑኤል ነው።

ሳጅን ጥሩሐረግ ከሰቆጣ ስትደርስ የሟቹ ሚስት ይታየሽ እግሯ ላይ ወደቀች።

«እህቴ፣ ቃሬዛውን የሚሸከም አጣሁ። ልጆቼ የሌባ ልጅ ሊባሉ ነው!»

«ተነሺ። እኔ ሳላይ አልፈርድም።»

ጉድጓዱ አፍ ዙሪያ ማሽላ ፈሷል። ሊከፍቱት ውኃ ያፈሰሱበት የጭቃና የእበት ምርጊት ገና እርጥብ ነው። የኪዳኑ ጫማ ዳር ላይ ተቀምጧል፤ ኮቱ ጀርባ ላይ የባዶ እግር ጭቃ ታትሟል።

«ጫማውን አውልቆ ሊሰርቅ ገባ፤ ጉድጓዱ አልነፈሰምና የታመቀው አየር አፈነው» አለ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ምንዋጋው።

ጥሩሐረግ ወደ ማኅበሩ መጋዘን ሄደች። ገብረ አማኑኤል የፈሰሰውን ማሽላ በቆዳ ጫማው እየደፈጠጠ ተከተላት።

«ሰረቀኝ፣ ሞተ። ምን ምርመራ አለው?»

ከጆንያው እፍኝ ዘግና አሸተተች። «ይኼ የዘንድሮ ነው?»

«ከአውድማ የመጣ!»

«አውድማ ጉድጓድ ጉድጓድ ይሸታል እንዴ?»

ነጋዴው ጫማውን እንዳደረገ ጆንያዎቹ መሐል ቆሟል። ምንዋጋው ግን በር ላይ ጫማውንም ካልሲውንም አውልቆ ገባ። እግሩ የሙሽራ እግር ይመስላል።

ጉድጓዱን የሚጠብቁት አባ ደጅይጥኑ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን በባዶ እግር የኖሩ። መንደሩም ጣቱን ወደ እሳቸው መቀሰር ጀምሯል።

«አባ፣ የት ነበሩ?»

«ጋዝጊብላ፣ ለቅሶ።»

«ማን ይመሰክርልዎታል?»

«ያለቀስኩለት ሟች ነዋ፣ ልጄ!»

«እስቲ እግርዎን ያሳዩኝ።»

ተረከዛቸው ዝናብ እንዳጣ ማሳ ተሰነጣጥቋል።

በማግስቱ ሁሉንም ጉድጓዱ አፍ ሰበሰበቻቸው።

«ጉድጓድ ብቻውን የሚገባ ማነው? ማን ሊያወጣው? የወረደበት ገመድስ የት አለ?» አለች። ሰዉ ጎንበስ አለ፤ ይህን የማያውቅ አልነበረም። «የዘንድሮ ማሽላ ገና ጉድጓድ አልገባም። መጋዘኑ ውስጥ ያለው የነጋዴው አሮጌ እህል ነው፤ በእናንተ ስም ድጎማችሁ ተበልቶበታል። ኪዳኑ አልመዝንም አለ። እሱም ለእህሉ ብሎ ጫማውን አውልቆ፣ ከዚሁ ጉድጓድ የወጣ መሆኑን አሽትቶ ሊያውቅ ጎንበስ ሲል፣ ከኋላው በእግር ተገፋ።»

ኮቱን ዘረጋችው።

«በባዶ እግር። ነጋዴው እህል በጫማው ይረግጣል፤ እኔው ፊት ረግጧል። የአባ እግር ቢሆን ንቃቃቱ አብሮ ይታተም ነበር። ይህ ግን ለስላሳ ነው። ጫማ የለመደ፣ እህል ፊት ግን የሚያወልቅ እግር።»

ምንዋጋው የፈሰሰው ማሽላ መሐል በባዶ እግሩ ቆሞ ነበር። አንዱን እግሩን በሌላው ሊሸፍን ሞከረ።

«እግርህን ኮቱ ላይ አኑር።»

አላኖረም። «እህል… እህል ክቡር ነው ብዬ…» አለ።

«እህሉን አከበርክ፤ ሰውየውን ረገጥክ!»

ምንዋጋውና ነጋዴው እጃቸውን ለካቴና ሰጡ። ያን ጊዜ የመንደሩ ወንዶች ወደ ቃሬዛው ተሽቀዳደሙ። ይታየሽ ክንዷን ዘርግታ ከለከለቻቸው።

«ቁሙ! ሌባ ስትሉት ድምፃችሁ ተራራ ያናጋ ነበር። አሁንም በዚያው ድምፅ ምን እንደነበረ ተናገሩ፤ ልጆቼ ይስሙ። ከዚያ ትሸከሙታላችሁ።»

አንዱ አጉተመተመ።

«አልሰማሁም!»

«ኪዳኑ አልሰረቀም!» አሉ።

«ድገሙት!»