የነኢማ የመጨረሻ ድስት

የነኢማ ጭንቅላት በዘነዘና ተፈጥፍጦ፣ ደሟ የማድ ቤቱ ግድግዳና የከሰል ምድጃው ላይ ተረጭቷል። ምድጃው ላይ የተጣደው ድስት ገና ይተናል። ኢንስፔክተር ሀጂራ ሬሳውን ደጋግማ አየች፤ ከዚያ ድስቱን ከፍታ ስታማስል ፖሊሶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ርቧት የመሰላቸው ነበሩ።

ነኢማ ከመርሳ ወልድያ እየተመላለሰች ለዶክትሬት የምትማር፣ ጥናቷን ልታቀርብ ሳምንት የቀራት ሴት ነበረች። አማቷ እማማ ሁሪያ «ምራት ናት ወይስ ተሳፋሪ?» እያሉ ሲነጫነጩባት ያልሰማ ጎረቤት የለም። ባሏ ሚስባህ ግን በየሄደበት «የኔ ዶክተር» እያለ ይኩራራባት ነበር። ለጁምዓ ሲወጣ ወጥ እየሠራች እንደነበር፣ ቤት የቀሩትም እናቱ ብቻ እንደሆኑ እያለቀሰ ተናገረ። ወንድሙ ዓሪፍ፣ ውርጌሳ ከተማ ምግብ ቤት ውስጥ ወጥ ሠሪ ነው፤ መስጊድ አርፍዶ መድረሱን አልካደም።

እማማ ሁሪያ ማንም ሳይጠይቃቸው «እኔ ነኝ የገደልኳት» አሉ። ካቴናው ሲወጣ ሀጂራ አስቆመችና ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበች።

«እማማ፣ ወጥ ሲሠሩ መጀመሪያ ምን ይጥላሉ?»

«ሽንኩርት ነዋ። እሱ ሳይቁላላ በርበሬ ማን ይጥላል?»

«ምድጃው ደም በደም ነው፤ ድስቱ ላይ ግን ጠብታ የለም። የተጣደው ከሞተች በኋላ ነው። በርበሬው ከሥር አርሯል፣ ሽንኩርቱ ከላይ ጥሬውን ነው። አንቱ እንዲህ አይሠሩም። ዓሪፍም ወጥ መሥራት እንጀራው ነው። ይህ ማድ ቤት ገብቶ የማያውቅ ሰው ሥራ ነው። ለጁምዓ ስወጣ በሕይወት ነበረች ለማለት የፈለገ ሰው።»

ሁሉም ወደ ሚስባህ ዞሩ። መጀመሪያ መሬት መሬት አየ፤ ከዚያ ገነፈለ።

«ዶክተር ሲሏት እኔን ምን ሊሉኝ ነው? ተይው አልኳት፣ እምቢ አለች።»

ከወደቀችም በኋላ መምታቱን እንዳላቆመ የተናገረው ራሱ ነው። ዓሪፍ አንገቱን ሊያንቀው ሲወረወር ፖሊሶቹ በግድ ያዙት።

እማማ ሁሪያ ልጃቸው ፊት ቆሙ።

«እኔ ላንተ ብዬ ልታሰር ነበር። አንተ ግን ድስቱን ስትጥድ፣ ቤት የቀረሁት እኔ ብቻ እንደሆንኩ ታውቅ ነበር።»

አሮጊቷ ወደ ሀጂራ ዞሩ።

«ሬሳዋ ከሆስፒታል ሲመለስ፣ ልጄን አጥቤ የምገንዛት እኔ ነኝ» አሉ።