እጥፋት

አክስት በቁርስ መሀል ከወንበሯ ተነሳች። የሻይ ብርጭቆዋን አስቀመጠች፣ ሹራቧን አስተካከለች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች። ዕድሜውን ሙሉ መድረክ ላይ ሲቆም እንደኖረ ሰው ወጥ ቤቱን ከዳር እስከ ዳር ቃኘችና አወጀች።

«ጥርሴን አሞኛል።»

ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠች።

ብቸኛዋ ታዳሚ ፍሪጅ ነበረች። ዳቦዋን ማኘኳን ሳታቋርጥ «የቱ?» አለች።

«በግራ፣ ከኋላ። ስድስት ሰዓት ላይ ቀጠሮ አለኝ። አንቺም ትከተይኛለሽ። ብቻዬን ከሄድኩ ከበሩ ነው የምመለሰው።»

«ስምንት ሰዓት እኮ የዘፈን ውድድሩ ነው። አንቺም የክብር ዳኛ ነሽ።»

«የሚነቀለው ጥርሴ ነው፣ አንገቴ አይደለም። እንደርሳለን።»

ፍሪጅ የሚለው ስም የወጣላት ትምህርት ቤት ነው። እናቷ ከሞተች ስምንት ወር ሆኗታል። በቀብሩ ቀን አላለቀሰችም፤ በሳምንቱም፣ በወሩም አላለቀሰችም። የክፍል ጓደኞቿ መጀመሪያ አዘኑላት፣ ቀጥሎ ጠበቁ፣ መጠበቁ ሲሰለቻቸው ስም አወጡላት። አልከፋትም። ብዙ ተቀምጦ እግሩ እንደደነዘዘበት ሰው ነበረች፤ እግሩ መኖሩን ያያል፣ ቢቆነጥጡት ግን አይሰማውም። አሁን የምትኖረው ከአክስቷ ጋር፣ አክስቷ ለሰው ቤት በምትሰፋቸው መጋረጃዎች መሀል ነው።

አክስት የዛሬ ሠላሳ ዓመት አንድ ዘፈን ዘፍና ነበር። ሌሎችም ዘፍናለች፤ ሰው የሚያውቃት ግን በአንዱ ነው። አዝማቹ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፣ እንደ ወረቀት ይታጠፋል፣ ከዚያ አንድ ምት ዘግይቶ ይመለሳል። ሰዉ «እጥፋት» አለው። ጋዜጦቹ ፍቅረኛዋ ጥሏት ቢሄድ ነው ብለው ጻፉ። ከዚያ ወዲህ ብቅ ያለች ዘፋኝ ሁሉ አጠፈች። ቀጥ አድርገው ይዘፍኑ የነበሩት በአንድ ዓመት ውስጥ አሮጌ ሆነው ቁጭ አሉ። ወንዶቹም አጠፉ። የሳሙና ማስታወቂያ ሳይቀር አጠፈ። የትምህርት ቤቱ የሙዚቃ መምህር ደግሞ ሰሌዳ ላይ ወደ ግራ የሚጎብጥ ቀስት እየሳለ ያስተምረዋል።

በዛሬው ውድድር ያሸነፈችው ልጅ ከትምህርት ቤቱ ባንድ ጋር እውነተኛ ስቱዲዮ ገብታ ትቀርጻለች። በእነዚህ ስምንት ወራት ፍሪጅ የፈለገችው ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነው። ድምፅ አላት። እጥፋቱ ግን እምቢ አላት።

«አንቺማ የታደልሽ ነሽ» ብሏት ነበር መምህሩ፣ ከልቡ። «ሌሎቹ ሐዘኑን መፍጠር አለባቸው። ላንቺ ተሰጥቶሻል። አዝማቹ ጋ ስትደርሺ እናትሽን አስቢ፤ ራሱ ይታጠፋል።»

ሦስት ሳምንት መስታወት ፊት ቆማ አሰበች። የመጣላት እናቷ ልብስ ስታሰጣ ነው። ያንኑ የእህቷን ዘፈን እያንጎራጎረች፣ አንሶላ እየጨመቀች፣ ምንም ሳታጥፍ። አንድ ቀን «እማዬ፣ አንቺ ለምን አታጥፊውም?» ብላ ጠይቃት ነበር። እናቷ የልብስ መቆንጠጫውን በጥርሷ እንደያዘች «እኔ ጥርሴን አላመመኝም» አለችና ብቻዋን ሳቀች። ፍሪጅ የእህትማማች ቅናት መስሏት ተወችው።

እናቷን አስባ አልታጠፍ ሲላት ከንፈሯን በጣቷ ወደ ግራ ስባ ሞከረች። ይሻላል። በመጨረሻ ያለ ጣትም ተሳካላት። ምንም አልተሰማትም፤ ግን ያምር ነበር። ዛሬ የምትዘፍነው እንደዚያ ነው።

የጥርስ ሐኪሙ ክፍል ነጭ ነው፤ ሐኪሙም ሥራውን ሲሠራ ማውራት የሚወድ ሰው ነው። «ይክፈቱ… ሰፋ… ጀግና! የማደንዘዣው መርፌ ገባ። ከንፈርዎ ከበድ ሲልዎ ይንገሩኝ እሺ?»

ፍሪጅ ጥግ ላይ ተቀምጣ የቆየ መጽሔት ታገላብጣለች።

«ከበደኝ» አለች አክስት።

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ወደ አንድ ጎን አዘነበለ፣ ታጠፈ፣ አንድ ምት ዘግይቶ ተመለሰ። ፍሪጅ ከመጽሔቱ ቀና አለች። ሐኪሙ መንቀያውን እየመረጠ ስለነበር ምንም አልሰማም።

ወደ ትምህርት ቤቱ በሚወስዳቸው ታክሲ ውስጥ አክስት የግራ ጉንጯ በጥጥ አብጦ በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች።

«አክስትዬ።»

«ወይ።»

«ያኔም እንዲህ ነበር እንዴ?»

አክስት ፊቷን ከመስኮቱ መለሰች። ከዚያ ቃላቱን በቀኝ በኩል ብቻ እየገፋች ተናገረች።

«ጠዋት ተነቀለ፣ ከሰዓት ቀረጻ ነበር። ሙዚቀኞቹ ተሰብስበዋል፤ ጥርስ ነው ተብሎ አይበተኑ ነገር። ዘፈንኩ። ከንፈሬ የት እንዳለ እንኳ አላውቅም። ስጨርስ አቀናባሪው ያለቅሳል። ‹ይሄን ሁሉ ሐዘን የት ደብቀሽው ነበር?› አለኝ። ምን ልበለው? ምራቄን እየጠረግሁ ነበር።»

«ፍቅረኛሽስ?»

«የቱ ፍቅረኛ?»

«እሺ ከዚያ በኋላ መድረክ ላይ እንዴት አደረግሽው?»

«ጉንጬን ከውስጥ እነክሳለሁ። አሥራ ስምንት ዓመት ነከስኩት። እንደ ተረከዝ ደርቋል። አሁን በመርፌም ያለ መርፌም ለውጥ የለውም።»

«እማዬ ታውቅ ነበር?»

«ጥርስ ቤት ይዛኝ የሄደችው ማን ሆነችና!»

ፍሪጅ እጆቿን ጭኖቿ መሀል ከተተች። «ለምን አልተናገርሽም ታዲያ?»

«ሰው አልቅሶበታል እኮ፣ ልጄ። ያለቀሰን ሰው ‹መርፌ ነው› ትይዋለሽ?»

«ሲደነዝዝ… ያኔ… ምን ይሰማሽ ነበር?»

«ምንም። ሐዘን ነው ያሉት እነሱ ናቸው።»

ፍሪጅ አንድ ነገር ልትጠይቅ አፏን ከፈተች። ታክሲው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመ።

አዳራሹ ሞልቷል፤ መምህሩ ቀስቱን የሳለበት ሰሌዳም ከዳኞቹ ጠረጴዛ አጠገብ ቆሟል። አሥሩ ተወዳዳሪዎች ተራ በተራ ወጥተው፣ አንገታቸውን ወደ ግራ አዘንብለው፣ ከንፈራቸውን አጣመው፣ አጠፉ። ዘፍነው ሲቀመጡም አንገታቸው ዘንበል እንዳለ ነው። ከጎኗ የተቀመጠችው ቁጥር አሥር፣ ስትዘፍን በእውነተኛ እንባ ያለቀሰችው፣ ወደ ፍሪጅ ጠጋ አለች።

«ፍሪጅ፣ ዛሬስ ትቀልጫለሽ?»

«ሶኬቱን ከነቀላችሁት።»

የአሥራ አንደኛዋ የፍሪጅ ተራ ሊደርስ ሲል መምህሩ ወደ ዳኞቹ ጠረጴዛ ተራመደና እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ታላቋ ድምፃዊታችን እዚህ ተቀምጠው እኛ ዝም ብንል ታሪክ ይፈርድብናል። አዝማቹን ብቻ! አንድ ጊዜ!»

አክስት ጉንጯን አመለከተች። መምህሩ ትሕትና መሰለው። ሕዝቡ አጨበጨበ። አክስት ተነሳች።

እጥፋቱ ከካሴቱ የባሰ ሆኖ መጣ። ድምፅዋ አዘነበለ፣ ጠፋ፣ ሰዉ ትንፋሹን እንደያዘ ጠበቀው፣ ዘግይቶ ተመለሰ። መምህሩ መነጽሩን አወለቀ። ቁጥር አሥር እንደገና አለቀሰች።

ያኔ ከአክስት ከንፈር ጥግ አንድ ቀጭን፣ ረጅም፣ ደም የነካካው ምራቅ ቀስ ብሎ ወርዶ የነጥብ መስጫው ወረቀት ላይ አረፈ። አክስት አልታወቃትም፤ በኩራት አዳራሹን ታያለች። ሁሉም አየ። ሁሉም እንዳላየ ሆነ። መምህሩ ዓይኑን ወደ ጣሪያው አንስቶ «ይሄ ነው» አለ በሹክሹክታ፣ «ሐዘን ማለት ይሄ ነው።»

ፍሪጅ ማድረግ ያለባት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዝም ብሎ መቀመጥ። ተራዋ ሲደርስ ከንፈሯን ታጣምማለች፣ ስቱዲዮ ትገባለች።

ሁለተኛው ምራቅ መውረድ ጀመረ።

ፍሪጅ ተነስታ ወደ ጠረጴዛው ሄደች፤ መሀረቧን አውጥታ የአክስቷን አገጭ ጠረገች። «ገና አልለቀቃትም» አለች። ቀስ ብላ ነበር፤ አዳራሹ ጸጥ ስላለ ግን ኋላ ድረስ ተሰማ።

«ምኑ?» አለ መምህሩ።

ፍሪጅ አክስቷን አየቻት። አክስት መሀረቡን፣ ወረቀቱን፣ ልጅቷን በየተራ አየች። ከዚያ ጣቷን ጉንጯ ውስጥ ከታ ጥጡን አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ የሻይ ብርጭቆዋን እንደምታስቀምጠው አድርጋ።

«መርፌው» አለች። ቃሉ ታጠፈ። «ያኔም እንዲሁ ነበር።»

አንድ ሰው ሊስቅ ጀምሮ ተወው። መጀመሪያ አንገቷን ያቃናችው ቁጥር አሥር ነች። ቀጥሎ ዘጠኝ። ከዚያ አውቶቡስ ጠመዝማዛውን ሲጨርስ ተሳፋሪው ሁሉ ቀጥ እንደሚል፣ ተወዳዳሪዎቹ በሙሉ ቀጥ አሉ። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ያለውን ቀስት አየው፤ ማጥፊያውን ነካ፤ ግን አላነሳውም።

«ቀጣይ» አለ በመጨረሻ። «ቁጥር አሥራ አንድ። እ… በእጥፋት ነው፣ ወይስ… እንዴት ነው የምታደርጊው?»

ፍሪጅ መሀረቡን ለአክስቷ ሰጥታ መድረኩ ላይ ወጣች። ከንፈሯን በምላሷ ዳሰሰችው። ቦታው ላይ ነበር።

«እኔ ጥርሴን አላመመኝም» አለች።

የአክስት ግማሽ ፊት ሳቀ። ፍሪጅ ጀመረች፤ ዘፈኑ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ቀጥ ብሎ ወጣ፤ አዝማቹ ጋ ደረሰ፤ ምንም ሳይታጠፍ አለፈ።

አክስት ምራቋ እንደገና የወረደ መስሏት አገጯን ጠረገች። አገጯ ደረቅ ነበር። የረጠበው ከፍ ብሎ ነው፣ ጉንጯ ላይ፣ በማይሰማት በኩል።