በረዶ ያልነካው ቅጠል

ኢንስፔክተር ሠናይት ስትደርስ መንደሩ ገበሬውን ግዛቸውን የገደለው ዛፍ ነው ብሎ ተስማምቶ፣ ዛፉን ጣለ ያለውንም ሰው አስሮ ጨርሶ ነበር።

ከወረዳው ከተማ ከደካ እስከዚህች የጌሻ መንደር ያለው መንገድ በናዳ ስለተዘጋ ግማሹን በእግሯ ነው የመጣችው። በዚያ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ ከወሰደው ሰው ናዳ ወደ ተጫነው ስትጠራ ሰንብታለች፤ ድካሙ ከጉልበቷ አልፎ ድምፅዋ ውስጥ ገብቷል። ሳጅን ሰላሐዲን ጭቃውን እየረገመ ከኋላዋ ይከተላታል።

«እዚህ ምን የሚመረመር አለ?» አለ። «ዛፉ ወድቋል፤ ሰውየው ሞቷል፤ መጋዙ የማን እንደሆነ ታውቋል። ፈርመን እንመለስ።»

«ዛፉን አይቼ እፈርማለሁ። ቢያንስ ቆሜ አርፋለሁ።»

ግዙፉ የቀረሮ ዛፍ የግዛቸውን ግቢ አቋርጦ ተጋድሟል። ግርጌው እስከ ግማሽ በመጋዝ ተቆርጧል፤ የቀረውን የገነጠለው ንፋስ ነው። በዚያ ዓመት ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ የመጣው የግብርና ባለሙያ ሙሉብርሃን «ይህ ዛፍ ቤቱ ላይ አዘንብሏል፤ ክረምቱ ሳይገባ ይቆረጥ» እያለ ሲወተውት ከርሟል። ግርጌው ላይ የተገኘው መጋዝም የእሱ ነው። አሁን በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ታስሮ ይጠብቃል፤ የሠናይት ፊርማ ካረፈ በነፍስ ግድያ ተጠርጥሮ ዛሬውኑ ወደ ቦንጋ ይወሰዳል።

ስለ ዕለቱ ሁሉም የሚናገረው አንድ ነው። ከትናንት በስቲያ ከሰዓት በኋላ መጀመሪያ በረዶ ወረደ፣ ከዚያ ዝናብ መጣ፣ ሊመሽ ሲል ንፋሱ ዛፉን ጣለው። ሬሳው የተገኘው ሲነጋ ነው። በየጓሮው የቆመው እንሰት በበረዶው ተተልትሎ እንደ አሮጌ ጨርቅ ተንጠልጥሏል፤ የከርሞ ጉርሳቸው ነበርና ማንም ቀና ብሎ አያየውም።

ሬሳው ቤት ውስጥ ተጋድሟል። ደረቱ በግንዱ ተጨፍልቋል። ሠናይት ግን ራሱን ቀና አድርጋ ማጅራቱን ስትዳስስ ቆየች፤ ከዚያ እጇን ታጥባ ከባለቤቱ ከዙፋን አጠገብ ተቀመጠች። ጎረቤቷ አሮጊቷ ተሾመችም አብረው ነበሩ።

«እትዬ ዙፋን፣ ያን ዕለት የት ነበሩ?»

«እትዬ ተሾመች ቤት። በረዶው ሲያባራ ግዛቸው ‹ልጆቹን ይዘሽ ሂጂ፣ ይህ ዛፍ ዛሬ አያስተማምንም› አለኝ። እሱ ወንድሙ ጋ የሚያድር መስሎኝ ነበር።»

«እኔው ነኝ ያሳደርኳት» አሉ ተሾመች። «ጣሪያዬ ሲያፈስ፣ ድስት ስናቀያይርለት ነጋ። አንቺ ግን ልጄ፣ ይህን ጫማ የገዛሽው ለቢሮ ነው እንጂ ለጌሻ ጭቃ አይደለም!»

ሠናይት ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ሲገኝ እንዴት ነበር?»

«ፊቱ በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ» አለች ዙፋን። «እትዬ ተሾመች ቀድመውኝ ደርሰው ሸፍነውት።»

ተሾመች ዞር አሉ። «እኔ? እኔ ስደርስ ተሸፍኖ አይደል እንዴ! አንቺ መስለሽኝ።»

«እኔማ ከግንዱ ሥር ሲያወጡት በነጠላዬ ነው ያለበስኩት። ቅጠል ፈልጌ ነበር። ከየት ይምጣ? በረዶው አንድ ደህና ቅጠል አልተወልንም።»

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ሠናይት ጉልበቷን ደግፋ ተነሳች።

ሰላሐዲንና ጎረቤቶች ግንዱን በእንጨት ፈንቅለው በጥቂቱ ሲያነሱት፣ ከሥሩ ሁለት ቦታ የተከፈለ የእንሰት ቅጠል ጎትታ አወጣች። ተጨፍልቋል፣ ጭቃ ጠጥቷል፤ የበረዶ ቀዳዳ ግን አንድም የለበትም። የመሐሉ ወፍራም ዘንግም ተነጥሎ ወጥቷል። የሟቹ ራስ ካረፈበት ቦታ አንድ ድንጋይ ከመሬቱ ብቅ ብሏል።

«ዝናቡን ለመከላከል የያዘው ይሆናላ» አለ ሰላሐዲን።

«ለዝናብ ቢሆን ዘንጉን አይነጥለውም ነበር፤ በእሱ አይደል የሚያዘው?» ሠናይት እንሰት በሚተከልበት በዋጫ ተወልዳ ያደገች ናት። «ዘንጉ የሚነጠለው ቅጠሉ ጠፍጣፋ ሆኖ እንዲተኛ ሲፈለግ ነው። ለመጠቅለል ወይም ለመሸፈን።»

ሙሉብርሃንን በቀበሌው አግዳሚ ላይ፣ በካቴና የታሰሩ እጆቹን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ የታጠፈ ጃንጥላውን በጉልበቶቹ መካከል ይዞ አገኙት።

«መጋዙን ያዋስኩት ለራሳቸው ለጋሽ ግዛቸው ነው» አለ። «ከበረዶው በኋላ መጥተው ወሰዱ። ‹ዛሬ ካልቆረጥኩት ልጆቼ ላይ ይወድቃል› አሉኝ። ማን ይስማኝ!»

«ለምን አላገዝካቸውም?»

«ልከተል ስል ‹የወንድሜ ቀፎዎች ያሉት እዚያው ዛፍ ላይ ነው፤ እሱን እኔ ላሳምነው፣ አንተ ቆይ› አሉኝ። ኢንስፔክተር፣ እናቴ ነፍሰ ገዳይ ተብዬ ቦንጋ እንደገባሁ ከሰማች…»

«የእንሰት ቅጠል ቆርጠህ ታውቃለህ?»

«እኔ? እትዬ ተሾመች ‹እንሰትና ሙዝ የማይለይ የግብርና ባለሙያ ላኩልን› እያሉ አይደል የሚስቁብኝ!»

የሟቹ ታናሽ ወንድም የአባተ ቤት ከግቢው ቁልቁል፣ ከትልቅ ቋጥኝ ሥር ተለጥፋ ትገኛለች። ሲደርሱ ዝናቡ እንደገና ጀመረ፤ በግድግዳውና በቋጥኙ መካከል ተጠለሉ። እዚያ ሦስት እንሰቶች ሰፋፊ ቅጠላቸውን ዘርግተው ሙሉ ለሙሉ ቆመዋል።

«ዕድለኛ ነህ» አለች ሠናይት።

«ቋጥኙ ነው የጋረዳቸው» አለ አባተ። ዓይኖቹ ደም መስለዋል። «ምን ዕድል አለኝ? ወንድሜም ሄደ፣ ቀፎዎቼም አለቁ።»

«ያን ዕለት ወጥተህ ነበር?»

«በረዶው ሲጀምር ቤቴ ገባሁ። እስኪነጋ አልወጣሁም።»

«የመጋዝ ድምፅም አልሰማህ?»

«በዚያ ዝናብ ምን ይሰማል?»

ሠናይት ጫማዋን ለመጥረግ ጎንበስ አለች። ከመካከለኛው እንሰት አንድ ቅጠል በቢላ ተቆርጧል። ከግድግዳው ሥር፣ ዝናብ በማይደርስበት ደረቅ አፈር ላይ፣ የተነጠለ የቅጠል ዘንግ ወድቋል። አባተ ፊቱን ሲያዞር ዘንጉን አንስታ ለሰላሐዲን ሰጠችውና «ሁሉንም ዙፋን ቤት ሰብስብልኝ» አለችው።

ሁለቱ ሴቶች ከሬሳው ራስጌ፣ አባተ ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ፤ ሙሉብርሃን ከነካቴናው ቆመ። የሰፈሩ ሰው በር ላይ ተጨናነቀ።

«ደክሞኛል፤ አላስረዝመውም» አለች ሠናይት። «ቅጠሉ የሟቹን ፊት ሸፍኖ ነበር፤ ግማሽ ጎኑ ግን በግንዱ ተጭኖ ነበር። ዛፉ ከወደቀ በኋላ እዚያ ቅጠል ማንጠፍ አይቻልም። ስለዚህ መጀመሪያ ሰውየው ሞተ፤ ቀጥሎ ፊቱ ተሸፈነ፤ ዛፉ የወደቀው በሬሳ ላይ ነው። ማጅራቱም ተሰብሯል። ግንዱ የመታው ደረቱን ነው፤ ማጅራቱን ያገኘው ወደ ኋላ ሲወድቅ ድንጋይ ነው።»

«ታዲያ ይሄው ልጅ ቀጥቅጦት ይሆናላ!» አለ አንድ ሰው ከበሩ።

«ይህ ልጅ ጃንጥላ ያውቃል፤ ቅጠል ነጥሎ ማልበስ አያውቅም። እትዬ ዙፋንና እትዬ ተሾመች ሌሊቱን አብረው ነበሩ። ግዛቸው ደግሞ በረዶው ካባራ በኋላ ሚስቱን አነጋግሯል። ያን ጊዜ የመንደሩ እንሰት ሁሉ ተተልትሏል። ሚስቱ እንኳ የባሏን ፊት የምትሸፍንበት ቅጠል አጣች። ደህና ቅጠል የተረፈው ከአንድ ቋጥኝ ሥር ብቻ ነው።»

ሰላሐዲን ዘንጉን አቀበላት። የተከፈለውን ቅጠል መሬት ላይ ዘርግታ ዘንጉን ከመሐሉ አጋደመችው። የተነጠለበት ጠርዝ ከነእጥፋቱ ገጠመ።

«ይህን ያገኘሁት አባተ ደጃፍ ነው። አልወጣሁም ያለኝ አባተ።»

አባተ ዓይኑን ከዘንጉ ላይ አላነሳም።

«ገፋሁት እንጂ አልመታሁትም» አለ። «መጋዙን ልቀማው ብዬ ነው። ዛፉ የአባታችን ነው፤ ቀፎዎቼ አሉበት። ተንሸራተተ።»

«ለምን ሰው አልጠራህም?»

«ልጠራ ነበር። ዓይኑ ተከፍቶ ዝናብ ይገባበታል። እንዴት ብዬ እንደዚያ ልተወው? ቅጠል ላምጣለት ብዬ ሮጥኩ፤ እጄ ራሱ እንደ ልማዱ ዘንጉን ነጠለ። አልብሼው ፈቀቅ ስል ዛፉ ጮኸ። ሲወድቅበት… እንግዲህ ዛፍ ገደለው ይባላል አልኩ።»

«ይህ ልጅስ?»

አባተ አንገቱን ደፋ። «ሲያስሩት ዝም አልኩ።»

«የገፋኸው በንዴት ነው» አለች ሠናይት። «ዝም ያልከው ግን ቁጭ ብለህ አስበህበት ነው።»

ሰላሐዲን ካቴናውን ከሙሉብርሃን እጅ ፈትቶ አባተን አሰረበት። ወጣቱ ጃንጥላውን ካጠገቡ ፈለገ።

አባተ በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። «እትዬ ዙፋን፣ እኔ ጋ የቆመው እንሰት የልጆቹ ነው።»

ዙፋን ከባሏ ራስጌ አልተነሳችም፣ ፊቷንም አላዞረችም። ዝናቡ ደጁን ያጥባል።

«ራስህን ሸፍን» አለችው። «ውጭ እየዘነበ ነው።»