በሌለው ግድግዳ ዙሪያ

የሌናርድ አስክዊዝ አስከሬን የተገኘው እሑድ ማለዳ፣ ከድንጋዩ ደረጃ ግርጌ፣ አፍንጫው ከተሰበረው የስፊንክስ ሐውልት አጠገብ ነው። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ አየና ሰውየው ከመውደቁ በፊት ማጅራቱን በቀጭንና ጠንካራ ነገር ተመትቷል አለ። ሌናርድን በሰፈራችን የሚወደው ሰው አልነበረም። ቢሆንም እንዲህ ይሙት ያለ የለም።

እዚህ ክሪስታል ፓላስ ኮረብታ ላይ ስንኖር የምንኮራው በሌለ ነገር ነው። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የተሠራ፣ ከዳር እስከ ዳር መስታወትና ብረት የሆነ ቤት ነበረን፤ አያቶቻችን ቆመው እያዩት ተቃጠለ። የተረፈን ደረጃው፣ ስፊንክሶቹ፣ ታች ሐይቁ ውስጥ የተገተሩት ከሲሚንቶ የተሠሩ የጥንት አውሬዎችና ሣር ነው። እንዲያም ሆኖ ሰው በየእሑዱ ከሩቅ እየመጣ የሌለውን ቤት በእግሩ ይጎበኛል። አስጎብኚዎቹ ሦስት ነበሩ፦ የአስጎብኚዎች ማኅበሩ ሊቀ መንበር ሟቹ ሌናርድ፣ ምክትሉ ጁልያን ፔት፣ እና እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያረጀችው ሙሪየል ታክዌይ።

ኢንስፔክተር ሄስተር ኦኬል ስትደርስ ሳጅን ፕራየር አንዱን ሰው በካቴና አስሮ መኪና ውስጥ አስቀምጦታል።

«ነገሩ አልቋል አለቃ፣» አላት። «የፓርኩ ጠባቂ ነው፣ ኤጀርተን ቤክፎርድ። ትናንት ሰው ሁሉ እየሰማ ሟቹን "አንድ ቀን ከዚያ ደረጃ ላይ ትንከባለላታለህ" ብሎታል። የፓርኩ ቁልፍም እጁ ላይ ነው።»

«አስጎብኚዎቹስ ቁልፍ የላቸውም?»

«አላቸው። ግን እነሱ የተከበሩ ሰዎች ናቸው።»

«የተከበረ ሰው አይገድልም ያለህ ማን ነው?»

ፕራየር ስልኩን አወጣ። ውርጩ ሳይቀልጥ ከደረጃው አናት ሆኖ ያነሣው ፎቶ ነበር። ነጭ ሣር፣ በሣሩ ላይ ደግሞ አንድ መስመር የእግር ዱካ። ዱካው ከአስከሬኑ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ባዶ ሜዳው መሀል ሲደርስ፣ ዛፍም አጥርም ሳይኖር፣ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ረጅም መንገድ በዚያው ይጓዛል። እንደገና ወደ ግራ ዞሮ ወደ ሐይቁ ይወርዳል።

«ሰካራም ነው የሄደበት፣» አለ ፕራየር።

«ሰካራም እንዲህ ቀጥ ብሎ ሲሄድ አይተሃል? የጫማውስ ነገር?»

«ሣሩ ረግረግ ስለሆነ ሁሉም ከማኅበሩ ጎጆ ያገኙትን ቦቲ ነው የሚያጠልቁት። ልኩ አይለይም። አሁን ደግሞ ፀሐይ ወጥቶ ዱካው የለም።»

ሄስተር መኪናው ውስጥ ገብታ ከኤጀርተን ጎን ተቀመጠች። ትልቅ ሰው ነው፤ ካቴናው ላይ ኮቱን ጣል አድርጎበታል።

«ለምን ዛትክበት?»

«ለመዘጋጃ ቤቱ ከሰሰኝ። አበባውን በማጨጃ መኪናው ጨፈለቀው ብሎ፣ ጡረታዬ ሲደርስ ሊያስባርረኝ። ተናድጄ ተናገርኩ። ያልተናደደ ሰው አለ?»

«ጠዋት የት ነበርክ?»

«ቤቴ። ያየኝ ሚስቴ ብቻ ናት። የእኔን ሚስት ማን ያምናል? እንደ እኔ ባለ ጥቁር ሰው ላይ ለመፍረድ ዳኛው ሁለቴ አያስብም፣ እሱን አንቺም ታውቂዋለሽ። እስር ቤት ከገባሁ በሬሳ ሣጥን ነው የምወጣው።» ከዚያ ድምፁ ለስለስ አለ። «ሚስ ሙሪየልን ጠይቂልኝ። በየጠዋቱ ሻይ አብረን ነው የምንጠጣው። ማን እንደሆንኩ እሷ ትነግርሻለች።»

ሙሪየል ጎጆው ውስጥ ሻይ እያፈላች ነበር። ከዘራዋን ጉልበቷ ላይ አጋድማለች።

«ኤጀርተን ደግ ሰው ነው፣ ልጄ፣» አለች። ቀጥላም ስኳሩን እያማሰለች፣ «ግን ቁጡ ነው። ሰው ሲከፋው ምን እንደሚያደርግ በምን ይታወቃል?»

ሄስተር ይህን ስትሰማ ሻዩን አስቀመጠችው። ለባልንጀራ እንዲህ አይመሰከርም። ዓይኗ ከከዘራው ጫፍ ላይ አረፈ። ጎማው ጭቃ ያልነካው ነው።

«አዲስ ከዘራ ነው?»

«የድሮውን ባቡር ላይ ረሳሁት። እርጅና ነው፣ ምን ይደረግ።»

ጁልያን ፔት ለስላሳ ሰው ነው፤ ሞት እንኳ ፀጉሩን አላበላሸበትም። «ጉብኝቱን ልናዘምነው ነበር፣» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ ሰው በስልኩ እያዳመጠ ሊዞር ነበር። ሌናርድ በራሱ ድምፅ ነው የቀረጸው። ስለ ሙሪየል ትጠይቂኝ እንደሆን፣ ቅዳሜ ማታ ነው የነገራት። ከእንግዲህ አታስፈልጊንም አላት።»

«ምን አለች?»

«ዝም አለች። እሷ ምን ትላለች?»

ማክሰኞ ዕለት ሄስተር ሁለቱን አስጎብኚዎች ጠራችና «ለእኔና ለሳጅኑ አስጎብኙን» አለቻቸው። ጁልያን ዳር ዳሩን እያዛጋ ተከተለ፤ ያስጎበኘችው ሙሪየል ናት። ሣሩ መሀል ቆማ ባዶውን አየር በእጇ ነካች።

«ይህ ግድግዳው ነው። በሩ እዚያ ጋ ነው። አያቴ በዚያ በር ቲኬት ትቆርጥ ነበር፣ ብርድም ሙቀትም ቢሆን ጓንቷን ሳታወልቅ። እኛ አስጎብኚዎቹ በግድግዳ አናልፍም። በበሩ ነው የምንገባው፣ በበሩ ነው የምንወጣው። ሰው ሲያየን ቤቱን ያየዋል።»

«እኔ የሌለ ግድግዳ አልፈራም፣» አለ ጁልያን።

«አንተ ምንም አትፈራም። ምንም ስለማታይ ነው።»

ወዲያው ዝናቡ ወረደ። ጁልያን ኮቱን ጭንቅላቱ ላይ ደርቦ ሜዳውን አቋርጦ ወደ ጎጆው ሮጠ። ሳጅኑም ሄስተርም ተከተሉት። በር ላይ ደርሰው ዞር ሲሉ ሙሪየል ከኋላ ቀርታለች። ዝናቡ ይወርድባታል፣ ወገቧም ያማታል፤ ግን ወደ ቀኝ ታጥፋ፣ ያንን ሁሉ መንገድ በግድግዳው ጥግ ሄዳ፣ በሩ ጋ ስትደርስ ወደ ግራ ዞረች።

ፕራየር ሳቀ። «አሮጊቷ ጃጅታለች።»

ሄስተር አልሳቀችም። ፎቶውን አውጥታ አየችው። ከዚያ ከጁልያን ስልኩን ተቀብላ የሌናርድን ቅጂ ጆሮዋ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ስትጨርስ ሐይቁን የሚፈትሹ ጠላቂ ሰዎች ይጠሩ ብላ አዘዘች።

ሐሙስ ጠዋት ሁሉንም ደረጃው ላይ ሰበሰበቻቸው። ኤጀርተንንም ከእስር ቤት አስመጣችው፤ ሚስቱ ከአጥሩ ውጭ ቆማ ትጠብቃለች።

«ገዳዩ ከዚህ ወጥቶ ወደ ሐይቁ ሄደ፣» አለች ሄስተር። «ሰው ገድሎ የሚሸሽ ሰው አጭሩን መንገድ ይመርጣል። ይህ ግን ባዶ ሜዳ ላይ ሁለት ጊዜ ታጠፈ። የታጠፈበትን ቦታ ማክሰኞ አይቼዋለሁ። ግድግዳው ጋ ነው፤ የወጣውም በበሩ ነው። ግድግዳው ግን የለም። እዚያ ግድግዳ የሚያየው በእግሩ የለመደው ሰው ብቻ ነው።»

«ኤጀርተንስ?» አለ ፕራየር።

«ኤጀርተን በየሳምንቱ በማጨጃ መኪናው ግድግዳውን ይጥሰዋል። ጁልያን ዝናብ ሲመጣ አቋርጦ ሮጠ። አንድ ሰው ብቻ እየበሰበሰ በበሩ ዞረ።»

ጁልያን ጉሮሮውን ጠረገ። «እሷን ለማስወንጀል ሌላ ሰው እንደዚያ ሊሄድ አይችልም?»

«ይችላል። እሱ ግን ያንን ዱካ አስተውሉልኝ ብሎ ይጠቁመን ነበር። ማንም አልጠቆመም፣ የሄደችበት ሰው እንኳ መዞሯን አላወቀችም። ደግሞም ከዘራ ባቡር ላይ ረሳሁ ያለችኝ አለች። ትናንት ከሐይቁ አወጣነው፣ ከአውሬዎቹ እግር ሥር። ሐኪሙ ከቁስሉ ጋር አስተያይቶታል።» ሄስተር ስልኩን ከፈተች። የሌናርድ ድምፅ በሣሩ ላይ ሞላ፦ «አያቴ በዚህ በር ቲኬት ትቆርጥ ነበር፣ ብርድም ሙቀትም ቢሆን ጓንቷን ሳታወልቅ...»

ሙሪየል ዓይኗን ጨፈነች።

«አያትዎን ወሰደብዎት፣» አለች ሄስተር።

«እሑድ ማለዳ ከጎጆው ሆኜ ሰማሁት፣ ደረጃው ላይ ሆኖ ቅጂውን ሲሞክር። የኔን ቃል፣ የኔን ሳል ሳይቀር። ወጣሁና ሌላው ይሁን፣ እሷን ተውልኝ አልኩት። "ድምፅሽ አርጅቷል ሙሪየል፣ ታሪኩ ግን ይሸጣል" ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ።» እጇን አየችው። «ያን ጊዜ ነው ከዘራውን ያነሣሁት። አላዝንም። ለአያቴ ስል ባደረግኩት አልጸጸትም።»

ከዚያ ኤጀርተን ተናገረ።

«ለእኔስ?»

«ይለቁሃል ብዬ ነበር፣ ኤጀርተን። ምንም አላደረግክም እኮ።»

«እኔን እንደማይለቁኝ ያውቁ ነበር። በየጠዋቱ ምን እነግርዎት ነበር? ፖሊሶች ልጄን መንገድ ላይ ሲያስቆሙት፣ እኔን ሲፈትሹኝ፣ ማን ነው አጽናንቶኝ ሻይ የሚቀዳልኝ?» ካቴናውን እየፈቱለት ነበር፤ እጁን አላሸውም። «ኢንስፔክተሯ ነግራኛለች፤ ቁጡ ነው አሉ። ሻይ እያማሰሉ።»

ፊቷን ወደ ሣሩ አዞረች።

ሳጅኑ ክንዷን ይዞ በሣሩ ላይ ወደ መኪናው ወሰዳት። መሀል ሲደርሱ ቆመች። ጎተት አደረጋት፤ እንቢ አለች። አንገቷን ወደ ሄስተር መለሰች።

«በበሩ እንሂድ፣ ልጄ። ይህችን ብቻ።»

ሄስተር ኤጀርተንን አየችው። ሌላውም ሰው ሁሉ አየው። ሰውየው ቦቲውን እየጎተተ ወርዶ ሣሩ ላይ፣ ከአሮጊቷ ፊት ለፊት፣ ከግድግዳው ማዶ ቆመ።

«እዚህ ምንም የለም፣ ሚስ ሙሪየል፣» አላት። «ሣር ነው። የማጭደው እኔ ነኝ።»

እንዲህ ብሎ ጀርባውን ሰጥቷት ወደ ሚስቱ ሄደ። ሙሪየል እግሯን አነሣችና ግድግዳውን አልፋ ሄደች።